የካርቦን ጫፍ፦ ከብርኖ እስከ ላፍቶ

የዚህ ታሪክ መነሻ ቡና ነው። በ1819 የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ ፍሪድሊብ ሩንገ ለተባለ ወጣት ኬሚስት ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጠው፤ እስቲ ውስጡ ምን እንዳለ መርምረው ብሎ። ሩንገ ፍሬውን ፈጭቶ፣ ዘፍዝፎና አጣርቶ ነጭ መራራ ዱቄት አወጣ። ዛሬ ካፌይን የምንለው ነው። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ቦዶ ኡንገር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ለማዳበሪያነት ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ ይመጣ ከነበረው የባሕር ወፎች ኩስ ሌላ ነጭ ነገር ለየ። ጉዋኒን ተባለ። ቡናንና የወፍ ኩስን ምን ያገናኛቸዋል ቢባል ያኔ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1869 ፍሪድሪሽ ሚሸር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ሐኪም በጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ፣ ድሮ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት በነበረ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከሆስፒታል የተሰበሰበ የቁስል ፋሻ እያጠበ መግሉን ይመረምር ነበር። ከሕዋሱ አስኳል ውስጥ ቀድሞ ማንም ያላየውን ነገር አገኘ። ኑክሊን አለው፤ ዲኤንኤ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው አልብሬሽት ኮሰል ይህንኑ ነገር እየፈታ ክፍሎቹን ለቀማቸው። አዴኒንን በ1885 ከከብት ቆሽት አወጣ፤ ታይሚንንና ሳይቶሲንን በ1890ዎቹ ከጥጃ ታይመስ እጢ። ከወፍ ኩስ የተገኘው ጉዋኒንም በዚያው በዲኤንኤ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። አራቱ ቤዞች የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ የሰውም፣ የጤፍም፣ የቡናም ዘር የሚተላለፈው በእነሱ አደራደር ነው።

ኮሰል ሲፈታ ኤሚል ፊሸር ይገጥም ነበር። ፊሸር ካፌይንን በ1895 በቤተ ሙከራ ሠራው። ከዚያም ካፌይን፣ ጉዋኒንና አዴኒን ዘመዳሞች መሆናቸውን አረጋገጠ። ሦስቱም ባለ ስድስት ጎን ቀለበትና ባለ አምስት ጎን ቀለበት የተጋጠሙበት፣ አራት ናይትሮጅን ያለበት አንድ ዓይነት አካል አላቸው፤ ፑሪን ይባላል። በ1902 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ይህን ዝምድና አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አራት ኪሎ ላይ ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ሁሉ የመፍጨት፣ የማፍላትና የማጣራት ነበር። ኤሌክትሪክን ለዚህ ተግባር ያመጣው ቼካዊው ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ ነው። በየካቲት 1922 ፕራግ ውስጥ ከቀጭን የመስታወት ቱቦ የሚንጠባጠብ የሜርኩሪ ጠብታ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ፣ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እየለወጠ የሚፈሰውን ከረንት መዘገበ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን የሚቀበልበት የራሱ ቮልቴጅ ነበረው። ማንነቱን የሚናገረው ቮልቴጁ፣ ብዛቱን የሚናገረው የከረንቱ መጠን ነው። ሄይሮቭስኪ በ1959 ኖቤል ሲሸለም ዘዴው የዓለም ፋብሪካዎችና ቤተ ሙከራዎች የዕለት ሥራ ሆኖ ነበር። አቶም የሚያህል ትንሽ ነገር በአንድ መስመር ከፍታ ተለክቶ በወረቀት ላይ የሚታይበት መንገድ ተከፈተ፤ ለእኔ በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ውብ የሆነው ግኝት ይህ ነው።

በ1930ዎቹ አዲስ አበባም በስተደቡብ ዳርቻዋ የሽቦ አልባ መገናኛና የሬዲዮ ጣቢያ ተከለች፤ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ ስም ውስጥ ያለው ንፋስ ስልክ የመጣው ከዚያ ነው። የኬሚስትሪ ትምህርት በኮሌጅ ደረጃ እስኪጀመር ግን ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት አራት ኪሎ ላይ ተማሪ ተቀበለ። የሳይንስ ፋኩልቲው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ያ ኮሌጅ ገና ልጅ ሳለ፣ በ1958፣ በቼኮዝሎቫኪያ ብርኖ ከተማ ኤሚል ፓሌቼክ የሚባል የሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ዓመት ወጣት የሄይሮቭስኪን ሜርኩሪ ዲኤንኤ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ነከረው። ዲኤንኤ ለዚህ መሣሪያ ምልክት አይሰጥም የሚሉ ነበሩ። ፓሌቼክ ግን አየው። ሁለቱ ጥምዝምዝ ክሮች እንደተያያዙ ሲሆኑ ቤዞቹ ወደ ውስጥ ስለሚደበቁ ምልክቱ ደካማ ነው፤ ዲኤንኤው ሞቆ ክሮቹ ሲላቀቁ ቤዞቹ ይጋለጡና ምልክቱ ይጎላል። የተያያዘውን ከተላቀቀው ለመለየት አንድ ጠብታ ሜርኩሪ በቃ ማለት ነው። ጽሑፉ በ1960 በኔቸር መጽሔት ወጣ። ፓሌቼክ በ2018 እስኪያርፍ ድረስ ዕድሜውን በሙሉ በዚያው በብርኖ በዚሁ ጥያቄ ላይ አዋለው።

ሜርኩሪ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው መርዝነቱ ነው። ሁለተኛው፣ ቮልቴጁ ወደ ፖዘቲቭ ሲሄድ ሜርኩሪው ራሱ ኤሌክትሮኑን እየሰጠ ስለሚሟሟ፣ ኤሌክትሮን መስጠት የሚወዱ ነገሮችን ለማየት አይመችም። ጉዋኒን ደግሞ ከቤዞቹ ሁሉ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚሰጥ ነው። መልሱ የመጣው ከካርቦን ነው። ፓሌቼክ ዲኤንኤውን ባየበት በዚያው በ1958 አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ራልፍ አዳምስ የካርቦን ዱቄትን በዘይታማ ፈሳሽ ለውሶ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከፈሳሹ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ፣ ሠራ። የካርቦን ፔስት ይባላል። ዱቄቱ ርካሽ፣ አሠራሩ የእጅ ሥራ ነው፤ ሲቆሽሽ ፊቱን ቆርጦ መጣልና እንደ አዲስ ማለስለስ ይቻላል። ገንዘብ በሌለባቸው ቤተ ሙከራዎች፣ የእኛዎቹን ጨምሮ፣ ይህ የአዳምስ ሥራ ያስገኘው ጥቅም ብዙ ነው።

በ1962 ሌላ ነገር ተፈጠረ። ሊላንድ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ኤሌክትሮድ ላይ ኢንዛይም አስቀምጦ በደም ውስጥ ያለ ስኳር ሊለካ እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ አንድ ጠብታ ደም የሚያስነካት ቁራጭ ስትሪፕ ከዚያ ሐሳብ የወጣች ናት። ጎፋም ሆነ መካኒሳ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የስኳር መለኪያ ላዩ የተለወጠ ኤሌክትሮድ ነው። ይህን የማነሣው ላዩ የተለወጠ ኤሌክትሮድ ሲባል ከምርምር ክፍል ያልወጣ ነገር እንዳይመስል ነው፤ በብዙ ቤት ጠረጴዛ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ካርቦን ቤዞቹን አንድ በአንድ ማናገር ጀመረ። በ1968 ግሌን ድራይኸርስትና ፊሊፕ ኤልቪንግ አዴኒን በግራፋይት ላይ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚሰጥ አጠኑ። በ1978 ደግሞ ድራይኸርስት ከብርኖው ቪክቶር ብራቤትስ ጋር ሆኖ ሙሉ ዲኤንኤ በግራፋይት ላይ በከረንቱ መስመር ሁለት ግልጽ ጉብታ እንደሚያሳይ ጻፈ፤ አንዱ የጉዋኒን፣ ሌላው የአዴኒን። ቮልቴጁ እንደ ፈሳሹ አሲድነት ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ቅደም ተከተሉ አይናወጥም። ጉዋኒን ቀድሞ ይመጣል፣ አዴኒን ከሩብ እስከ ሲሶ ቮልት ያህል ይከተለዋል፣ ታይሚንና ሳይቶሲን ወደ መጨረሻው ላይ ናቸው። ችግሩም እዚያ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃው ራሱ መበተን ይጀምራል፣ ኦክስጅን ይወጣል፣ ከረንቱ ሽቅብ ይተኮሳል፤ የሁለቱ ቤዞች ትንሽ ጉብታ በዚያ ጎርፍ ውስጥ ትሰወራለች። በዚህ ላይ ጉዋኒን ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ሲጨርስ የሚቀረው ቅሪት ካርቦኑ ላይ ይለጠፋል፣ ቀጣዩን ልኬት ያበላሻል።

በዚያው በ1978 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። የኬሚስትሪ ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪ የግድ ውጭ መሄድ የሚኖርበት ዘመን አበቃ። ቀይ ሽብር ገና ባልበረደበት ወቅት ይህ መሆኑ ያስደንቀኛል። በዚያ የትምህርት ክፍል ኤሌክትሮኬሚስትሪን ሥር ካስያዙት መካከል ፕሮፌሰር ቴዎድሮስ ሰሎሞን አንዱ ናቸው። በ2001 በአሜሪካው የኬሚስትሪ ትምህርት ጆርናል ላይ ስለ አዮኒክ ስትሬንግዝ ትርጉምና መለኪያ የጻፉት አጭር ጽሑፍ ጥንቃቄያቸውን ያሳያል፤ በየመማሪያ መጽሐፉ በዘልማድ የሚጻፈውን ነገር አንሥተው መለኪያው በትክክል ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲም መስመር ተዘረጋ። ከኦሌ ኢንጋናስ ቡድን ጋር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይ አብረው የጻፉት ሽመልስ አድማሴና ወንድማገኝ ማሞ በዚያ መስመር ላይ ይገኛሉ። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል የሚለው ግኝት በ2000 ኖቤል ያስገኘ ነው፤ በዚያ ዘርፍ ሥራ የእኛዎቹም ተሳታፊ ሆኑ።

በ2000 ደግሞ ጆሴፍ ዋንግ የተባለው አሜሪካ የሚሠራ ተመራማሪ ካርቦንን በስሱ ቢስሙዝ ለብጦ መርዛማውን ሜርኩሪ ተካው። እርሳስና ካድሚየም መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ተስበው በዚያ ልባስ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ቀጥሎ ቮልቴጁ ሲለወጥ በየተራ ይራገፋሉ፤ ሲራገፉ የሚፈሰው ከረንት መጠናቸውን ይናገራል። ይህ የቤዝ ጉዳይ ባይሆንም ያው ማሽን፣ ያው የካርቦን ጫፍ ነው። ለምን እንዳነሣሁት ቀጥሎ የማወሳው ሥራ ይናገራል።

በ2002 ፍስሐ ኢታና በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ በአዲስ አበባ ስለሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ጥናት አወጡ። የከተማዋን ቆሻሻ ውሃ በሚጠጡ የቄራና የፒኮክ ማሳዎች የበቀለ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ውስጥ ምን ያህል ከባድ ብረት እንዳለ የለካ ነው። ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይበልጥ ብረት ያከማቻሉ። ካነበብኳቸው የሀገራችን ጥናቶች መካከል ለዕለት ማዕዳችን ይህን ያህል የቀረበ ጥቂት ነው።

ለእነዚህ ማሳዎች ዓይነት መደቦች ውሃ ከሚሰጡት አንዱ፣ የትንሹ አቃቂ ወንዝ፣ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል፤ በኮልፌ፣ በመካኒሳና በላፍቶ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። በመንገዱ የቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ እጣቢ ይቀበላል፤ የቆዳ ፋብሪካ እጣቢም አለበት። በዳርና ዳሩ ደግሞ ገበሬው በፓምፕ ስቦ መደቡን ያጠጣል። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ባለ ሦስቱ ክሮሚየም ብዙም አይከፋም፤ ወደ ባለ ስድስቱ ሲለወጥ ግን ካንሰር አምጪ ነው። መልኩ ሕዋስ ከሚፈልገው ሰልፌት ጋር ስለሚመሳሰል በሰልፌቱ በር ሰተት ብሎ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ ባለ ሦስት ይሆናል፤ በዚህ መለዋወጥ መሐል ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል፣ ቤዞቹንም ያቃጥላል። መጀመሪያ የሚቃጠለው የትኛው ነው? ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚሰጠው ጉዋኒን። ለካርቦኑ ቶሎ የሚናገርበት ጠባዩ፣ ለመርዙም ቶሎ የሚሸነፍበት ጠባዩ ነው። የተጎዳው ጉዋኒን፣ ስምንት ኦክሶ ጉዋኒን የሚባለው፣ ከጤናማው ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ላይ የራሱን ጉብታ ያሳያል። ስለዚህ ኤሌክትሮድ ላይ የተቀመጠ ዲኤንኤ የተጠረጠረ ውሃ ሲያገኘው የጉዋኒኑ ጉብታ ዝቅ ካለ፣ ያ ውሃ ለሕዋስ ደግ እንዳልሆነ ፍንጭ ይሰጣል።

ጉብታውን ለማጉላት ትልቁ እርዳታ ከጃፓንና ከእንግሊዝ መጣ። ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 የካርቦን ናኖ ቱቦዎችን በማይክሮስኮፕ አሳየ። በ2003 ጆሴፍ ዋንግና ባልደረቦቹ እነዚህን ቱቦዎች ካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ አልብሰው የጉዋኒን ምልክት እጅግ እንደሚጎላ አሳዩ። በ2004 ማንቸስተር ላይ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በተለጣፊ ፕላስተር ግራፋይትን እየላጡ አንድ አቶም ውፍረት ያለው ግራፊን ለዩ፤ በ2010 ተሸለሙበት። በ2009 ደግሞ የቻይናዎቹ ሚንግ ዡ እና ሻውጁን ዶንግ ከባልደረባቸው ጋር አራቱም ቤዞች፣ እነዚያ አስቸጋሪዎቹ ታይሚንና ሳይቶሲን ሳይቀሩ፣ በግራፊን በለበሰ ካርቦን ላይ ተለያይተው እንደሚታዩ አሳተሙ። በዚህ ዘርፍ ልማድ የሆነው መፈተኛ የጥጃ ታይመስ ዲኤንኤ ነው፤ ኮሰል ከመቶ ዓመት በፊት የተጠቀመበት ያው እጢ። የጉዋኒንና የሳይቶሲን ድምር ለአዴኒንና ለታይሚን ድምር ሲካፈል 0.77 አካባቢ ከመጣ ኤሌክትሮዱ እውነት ተናግሯል ይባላል።

ሥራው በቅርብ ሲታይ የትዕግሥት ነው። ኤሌክትሮዱ በፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ የተቀበረ፣ ስፋቱ ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር አንጸባራቂ ክብ ነው። ተማሪው በጠዋት የአሉሚና ዱቄት በውሃ ለውሶ በጨርቅ ላይ ያሰጣል፤ ጫፉን ስምንት ቁጥር እየሠራ ያሸዋል፤ መጀመሪያ በ1 ማይክሮን፣ ቀጥሎ በ0.3፣ በመጨረሻ በ0.05። ፊቱን የሚያሳይ እስኪሆን ድረስ። ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያ አምስት ማይክሮሊትር የግራፊን ጠብታ ያሳርፍበታል ወይም ፖሊመሩን በኤሌክትሪክ ያበቅልበታል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ ያልተሟሸ ካርቦንም የሚፈልጉትን አይለቅም፤ የማሟሻው ዓይነት ደግሞ ውጤቱን ይወስናል። ጠፍጣፋው ግራፊን ጠፍጣፋዎቹን ቤዞች ወደ ራሱ ይስባል፣ ገጹ ሰፊ ነውና ብዙ ያስቀምጣል፣ ኤሌክትሮኑንም ቶሎ ያሳልፋል። ከዚያ ሦስቱ ሽቦዎች፣ ማለትም የሚሠራው ካርቦን፣ የብር ማጣቀሻውና ፕላቲነሙ፣ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ይገባሉ፤ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ፖቴንሽዮስታቱ፣ ይነሣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ መውጣት ይጀምራል። በዚህ መሐል መብራት ከሄደ የጠዋቱ ማሻሸት ከዜሮ ይጀመራል።

አሁን ወደ አራት ኪሎ። በ2008 አበበ በላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን በብርሃን መለኪያ ለክተው አሳተሙ፤ ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ፈሳሽ ካፌይኑን ለይቶ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። በ2011 ሰለሞን ምሕረቴ፣ ሽመልስ አድማሴ፣ መሪድ ተሰማ፣ ቴዎድሮስ ሰሎሞንና ሌላ ባልደረባቸው ታላንታ በተባለው መጽሔት በፖሊመር በለበሰ ካርቦን ፓራሲታሞልንና ፓራ አሚኖፌኖልን በአንድ ጊዜ ለይተው የሚለኩበትን ዘዴ አወጡ። ሁለተኛው ፓራሲታሞል ሲበላሽ የሚፈጠር፣ ኩላሊት የሚጎዳ ነገር ነው። መድኃኒት በፀሐይና በሙቀት ረጅም መንገድ ለሚጓዝበት ሀገር ይህ ሥራ ቀልድ አይደለም።

ዓመት ሳይቆይ፣ በ2012፣ በዚያው መጽሔት መዓረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ በፖሊመር በለበሰ ካርቦን የቡናን ካፌይን ለኩ። የፊሸር ዝምድና የተመለሰው እዚህ ነው። ካፌይን ሦስት ሜቲል የተጨመረበት ፑሪን ነው፤ ኤሌክትሮን ሲሰጥም ከጉዋኒን ጋር በተመሳሳይ መንገድ፣ በዚያችው የቀለበት ጠርዝ ይጀምራል። ግን በጣም ከፍ ባለ ቮልቴጅ፣ ውሃ መበተን በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው የሚገኘው፤ የታይሚንና የሳይቶሲን ችግር የእሱም ችግር ነው። መፍትሔውም ያው ነው፦ ካርቦኑን ማልበስ። ስለዚህ ጉዋኒን፣ ታይሚን ብሎ ርዕሱ ላይ ባይጻፍም፣ የዲኤንኤ ቤዞችን በተለወጠ ኤሌክትሮድ የመለየት ጥበብ በእኛ አገር ልጆች እጅ የገባው በዚያ ዓመት፣ በቡና በኩል ነው ብል ድፍረት አይመስለኝም።

መዓረግ ሥራውን ወደ ባሕር ዳር ይዘው ሄዱ። በ2017 ከሰናይት አክሎግ ጋር ካርቦኑን በሊግኒን፣ እንጨትን እንጨት በሚያደርገው ነገር፣ አልብሰው የኢትዮጵያ ቡናዎችን ካፌይን ለኩ። ሊግኒን ከየትም የሚገኝ ርካሽ ነገር ነው፤ የግራፊን ዋጋ ለማይደርስበት ቤተ ሙከራ ትልቅ መላ ነው። ከዚያም በኋላ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ አዳነ ካሳና አታክልት አበበ ከእሳቸው ጋር ካርቦንን በመዳብ ውህድ እያለበሱ አሞክሲሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶችን በእንክብልና በደም ሴረም ውስጥ መለካት ቀጠሉ።

ከዚያ የሆነው ልብ ይሰብራል። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ በብሔራቸው ምክንያት ሲወነጀሉ ከቆዩ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ታኅሣሥ 2022 በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። በዚህች አገር ካርቦንን ማናገር የሚችሉ ሰዎች ስንት ናቸው? ቡናችንን በፖሊመር ጫፍ የለኩ፣ ተማሪ ያፈሩ ምሁር እንዲህ ማለፋቸው የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ብቻ ሊሆን አይገባም። ጽሑፎቻቸው አሉ፤ ተማሪዎቻቸውም እየሠሩ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ንፋስ ስልክ ላፍቶም ተለወጠ። ኮሮና በገባ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ተነሥቶ ለጊዜው ጃንሜዳ ሰፈረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹን የኮሮና ጥርጣሬ ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ ተገድዳ ነበር፤ መለኪያ በእጅ አለመኖሩ ምን እንደሆነ ያኔ ሁላችንም አየን። በ2013 ዓ.ም. ጃንሜዳ ለጥምቀት ሲለቀቅ አትክልት ተራው ወደ ሃይሌ ጋርመንት፣ ላፍቶ ተዛወረ። ከሌሊት ጀምሮ አይሱዙ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን እየጫነ ይገባል፤ ተሸካሚው ሳጥን በትከሻው ይዞ ይሯሯጣል፤ የከተማው ቸርቻሪ ከዚያ አንሥቶ ይበትናል። ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣውና ከወንዙ ዳር የበቀለው ቅጠል በየጉልቱ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ገዢው በዓይኑ ሊለያቸው አይችልም። ቆስጣ በክሮሚየም ውሃ ቢበቅልም ያው አረንጓዴ ነው።

የዚህን ዘርፍ ጽሑፎች ሳነብ በዓለም ሁሉ የማየው ጉድለት አለ። ብዙዎቹ ንጹህ ቤዝ ከጠርሙስ ቀድተው፣ ወይም የጥጃ ዲኤንኤ ገዝተው ይለካሉ፤ ትንሽ መጠን መለካታቸውን ይጽፋሉ፣ ያበቃል። ከጭቃ፣ ከቅጠል ጭማቂ፣ ከወንዝ ውሃ ጋር የተጋፈጡት ጥቂት ናቸው። ውድድሩ አዲስ ናኖ ዱቄት ማልበስ ላይ ሆኗል። ይህ አያዋጣንም። ለእኛ የሚያዋጣው መዓረግና ጓደኞቻቸው የጀመሩት መንገድ ነው፦ ርካሽ ልባስ፣ እውነተኛ ናሙና፣ ከገበያ የተገዛ ቡና፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ እንክብል።

በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ ከላፍቶ ብዙ በማይርቀው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከልም አለው። አራት ኪሎ ኤሌክትሮኬሚስቶች አሉት። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ወንዙም ገበያውም አለው። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ አንድ ክፍል ነው፦ ላፍቶ አትክልት ገበያ ግቢ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፖቴንሽዮስታት፣ ጥቂት የካርቦን ጫፎች፣ ቢስሙዝ የለበሰ ለእርሳስና ለካድሚየም፣ ዲኤንኤ የለበሰ ለጠቅላላው መርዛማነት፣ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ፣ በተራ የሚመደቡ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች። የሚያጠራጥር ናሙና ወደ ትልቁ ቤተ ሙከራ ይላካል፤ የካርቦኑ ጫፍ የሚሠራው የመጀመሪያውን ወንፊት ሥራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አያገኝም፤ አማካሪ መምህራንም ቀጣዩን ተማሪያችሁን ወደ ላፍቶ ላኩት። ክፍለ ከተማውም ክፍሉን ይስጥ።